የራስን ታሪክ ስለ መጻፍ

የራሱን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ሰው «በዚህ ዓመት በዚህ አገር ተወለድሁ» ብሎ መጀመር ይቀናዋል። ነገር ግን የሰው ታሪክ በልደቱ ቀን አይጀምርም። ከእርሱ በፊት የተሰደዱ፥ የቀበሩና የተጽናኑ ሰዎች አሉና የሚፈራው ነገር፥ የሚወደው ነገር፥ የሚጠራበትም ስም እንኳ ከእነርሱ የወረሰው ነው።

በአገራችን ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ በስም ይታወቃል። ካሣ፥ ምትኬ፥ ማስረሻ፥ ተካልኝ የሚባል ሰው ባጋጠመን ጊዜ፥ እርሱ ሳይወለድ በዚያ ቤት ሞት ገብቶ እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ ለመገመት እንችላለን። የእናቴ እናት ስም ከእነዚህ አንዱ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ በየደጁ ቆሻሻ ሲቃጠል፥ እኛ ልጆች በጭሱ ዙሪያ ስንሯሯጥ፥ አያቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብቻዋ ትቀመጥ ነበር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን ያወቅሁት በጆሮዬ ነው።

አያቴ ዘመንን የምትቆጥረው በዓመተ ምሕረት አልነበረም፤ «በዘመነ ሉቃስ፥ በኅዳር በሽታ» ትል ነበር። የዘመኑን ወንጌላዊ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፥ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ ብቻውን አይበቃም። የኅዳር በሽታ ግን በዓለም ላይ ሚሊዮኖችን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን በመታ ጊዜ የወጣለት ስም ነው። በ1911 ላይ 5500 ቢደመር 7411 ይሆናል፤ ይህም ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ፊደል ያልቆጠረችው አያቴ የተናገረችው ቃል ከሒሳቡ ጋር ተስማማ።

ችግር የገጠመኝ በሙታኑ ቍጥር ላይ ነው። አያቴ የተወለደችው ከበሽታው በኋላ ስለ ሆነ የምትነግረኝ ከእናትዋ የሰማችውን ነበር፤ እርሱም ሁለት ወንድሞችዋ በአንድ ሳምንት መሞታቸውን ነው። ታናሽ ወንድምዋ ግን የሞቱት ሦስት ናቸው ይሉ ነበር። ሦስተኛዋ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፥ ክርስትና ሳትነሣ የሞተች ሴት ልጅ ነበረች። የክርስትና ስም ስላልነበራት በተዝካር ቀን የሚጠራት አልተገኘም፤ በዚህም ምክንያት ከቤቱ ቍጥር ወጣች። እናታቸው ነገሩን ለእኒህ ልጃቸው የገለጹላቸው በመጨረሻ ሕመማቸው ሲያስታምሟቸው ነው።

ከዘመዶቼ አንዳንዶቹ «ነገሩ አንድ ቃል ይሁን፤ አያትህን ሐሰተኛ አታድርጋት» ብለው መከሩኝ። በበኩሌ ግን ሁለቱንም ቃል ጽፌዋለሁ። አያቴ የተነገራትን ነገረችኝ እንጂ አልዋሸችም። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ስላለው ዘመን በጻፉት ትዝታ አርእስት ላይ «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚል ቃል አኑረዋል። ማየትና መስማት ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ልብስ ለብሶ ሸንጎ ሊቀርብ አይገባውም።

ስለዚህ በጽሑፌ ውስጥ ጭሱንና የአያቴን አቀማመጥ «አየሁ» ብዬ፥ ሁለቱን ወንዶች «አያቴ ከእናትዋ ሰምታ ነገረችኝ» ብዬ፥ ሕፃኒቱን «የአያቴ ወንድም ከእናታቸው ሰምተው ነገሩኝ» ብዬ አስፍሬአለሁ። ለሕፃኒቱ ስም ላወጣላት አልደፈርሁም፤ ወላጆችዋ ያልሰጧትን እኔ ብሰጣት ታሪክ መሆኑ ቀርቶ ተረት ይሆናልና። ስም የሌላት መሆንዋን ራሱን ግን ጽፌአለሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አያቶችህ በሕይወት ሳሉ ጠይቃቸው። የነገሩህን ስትጽፍም ማን እንደ ነገረህ፥ ለእርሱም ማን እንደ ነገረው አብረህ ጻፍ። ሁለት ቃል ቢጣላብህ ለማስታረቅ አትቸኩል፤ ከቤተ ሰቡ የተረሳው ሰው የሚገኘው በዚያ መካከል ሊሆን ይችላል።