ጓሳ፦ ባለቤቱ ብዙ፣ ሕጉ አንድ የሆነ ሣር

በዚህ መጽሔት ስለ ወረቀት ጉዳይ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቤት ኪራይ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። ዛሬ ግን ትንሽ አረፍ ብለን አንድ አገር ልናሳያችሁ ነው። ምክንያትም አለን። እዚህ ሐርጌሳ ተወልደው ከእኛ ዘንድ ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች «ኢትዮጵያ ምን ትመስላለች?» ብለው ሲጠይቁ፣ መልሳችን ብዙ ጊዜ ወይ ስለ ጦርነት ነው ወይ ስለቀረ ዘመድ ነው። ስለ ምድሪቱ ራሷ፣ ስለ ሣሯና ስለ አውሬዋ የምንነግራቸው እኮ እጅግ ጥቂት ነው።

ወሬያችን ስለ ሎጅ ነው። ሎጅ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በዶላር የሚከፈልበት የሀብታም ማረፊያ ነው። እሱም አለ። ነገር ግን በዓለም ላይ ሌላ ዓይነትም አለ። ለምሳሌ በፔሩ አገር፣ በአማዞን ደን ውስጥ በታምቦፓታ ወንዝ ዳር «ኢንፊየርኖ» የሚባል መንደር ይገኛል። ትርጉሙ «ሲኦል» ማለት ነው። ኤሴ ኤኻ የሚባሉት የአገሬው ተወላጆችና ከሌላ ቦታ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች አብረው ይኖሩበታል። ይህ መንደር እ.ኤ.አ. በ1996 ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋር የ20 ዓመት ውል ተዋዋለ። ፖሳዳ አማዞናስ የሚባል ሎጅ በመንደሩ መሬት ላይ ተሠራ፤ ከትርፉ 60 በመቶው ለመንደሩ፣ 40 በመቶው ለድርጅቱ ሆነ። ፈረንጁ ገንዘቡን ከፍሎ በደኑ መካከል አድሮ፣ ወፍና ጦጣ አይቶ ይመለሳል። መንደርተኛውም ዛፉ ቆሞ ሲገኝ እንጂ ሲቆረጥ እንግዳ እንደማይመጣለት ያውቃል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው።

ታዲያ ይህ ነገር በሩቅ አገር ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ጓሳ በሚባለው አምባ ላይም አለ። እኛም አይተነዋል።

ጊዜው አካባቢው ሰላም በነበረበት ዓመት፣ በጥር ወር የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ነው። ከመምህራን ኮሌጅ አብረን የተመረቅን ሰባት አስተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን ተነሣን። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ በሚያመራው አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ እየወጣ እየወጣ ሄዶ የገብሱ ማሳ ሲያልቅ ሌላ ዓለም ይጀምራል። ዛፍ የለም። እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ ሣር ብቻ ነው፤ በመሀሉ እዚህም እዚያም ጅብራው እንደ ዘበኛ ቆሟል። በምሥራቅ በኩል ሜዳው ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላ የሚወርድ ገደል ይሆናል። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የተተረተበት አገር ይህ ሳይሆን አይቀርም ተባብለን ሳቅን።

ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,700 ሜትር ግድም ይደርሳል። ዝናቡም በሁለት ይከፈላል፤ በአንድ በኩል የወረደው ወደ ዓባይ፣ በሌላው በኩል የወረደው ወደ አዋሽ ይፈሳል። የአፋር ግመል የሚጠጣው ውኃ ከፊሉ ከዚህ ሣር ሥር የመነጨ ነው ማለት ነው።

ማረፊያው የማኅበረሰቡ ሎጅ ነው። በፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ ድጋፍ የተሠራ ሲሆን ባለቤቶቹ የጓሳ ዙሪያ ገበሬዎች ናቸው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር፤ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። ምግብ ቤት አትፈልጉ፣ ስንቃችሁን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። እኛም ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎና ቡና ይዘን ነበር። ሒሳቡን ስንከፍል ደረሰኝ ተቆረጠልን። ከመንደሩ ልጆች ተራው የደረሰው አንዱ መንገድ መሪ ሆኖ ተሰጠን። ያሳየንም የመጀመሪያው ነገር ገደሉን ወይም አውሬውን ሳይሆን ሕጉን ነው፦ ከመንገድ አትውጡ፣ አውሬ አታባርሩ፣ ምግብ አትወርውሩ፣ ከሣሩም ከቁጥቋጦውም ምንም አትንቀሉ። ትንሽ ጠንከር ያለ መሰለን፤ ሆኖም እንግዳ ነንና እሺ አልን።

ብርዱን እንዴት ብለን እንንገራችሁ! ሐርጌሳ ላይ በታኅሣሥ ማታ ነፋሱ ሲነፍስ «በረደን» የምንለው ቀልድ ነው። ጓሳ ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ያድራል። እኛ የመንዝ ባና ተከናንበን፣ ሰባታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተን ነው ያነጋነው።

በማግስቱ ከአምባው ዳር ወዳለ መንደር ወረድ አልን። እዚያም ዛሬ ድረስ ከአእምሯችን ያልወጣውን ነገር አየን። አንድ አዛውንት ገበሬ ቤት ቡና ተጠራን። የጎጆው ክዳን አርጅቶ ሰማዩ ይታያል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ያ ሁሉ የጓሳ ሣር፣ ለክዳን የሚሆነው ምርጡ ሣር፣ በነፋስ ይወዛወዛል። ከመካከላችን አንዱ «አባቴ፣ ታዲያ ለምን አጭደው አይከድኑትም?» አላቸው። ሰውየው በጥያቄው የተገረሙ መሰሉ። «ገና አልተከፈተም እኮ ልጄ!» አሉ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በአካባቢው እንደሚነገረው አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት የመንዝ አባቶች በ17ኛው ምዕተ ዓመት አገሩን በፈረስ ግልቢያ ተከፋፈሉት። «ጌራ ምድር» የሚለው የወረዳው ስምም የእኚያን ጌራ ስም ይዞ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ በኋላ ጓሳ የሚጠበቅበት «ቀሮ» የተባለ ሥርዓት ተመሠረተ። ተጠቃሚዎቹ አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴ ከሦስት ዓመት በላይ ይዘጋል። ሲዘጋ ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያሰማራም። ሲከፈት ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብቶ ድርሻውን ይወስዳል። ጓሳው ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበት ገሣ ይሆናል። ድርቅ በመጣ ጊዜም ለከብቱ የመጨረሻው መጠባበቂያ ይህ ሣር ነው። ሕጉን የጣሰ ሰው ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። እንግዲህ ይህ ሁሉ የተደረገው «አካባቢ ጥበቃ» የሚለው ቃል በአገራችን ከመሰማቱ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስቱ ሥርዓት ቀረ፤ ከርስቱ ጋር ተያይዞ የነበረው ቀሮም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት ያመጣ ነው፤ ጓሳ ግን ጠባቂ አጣ። ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፣ ከብት ያለ ገደብ ተሰማራበት። ሰዉ ግን ዝም ብሎ አላየም። በየቀበሌው ተወካይ መርጦ፣ የድሮውን ልማድ ከአዲሱ አስተዳደር ጋር አስማምቶ በኮሚቴ ማስጠበቅ ጀመረ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። የአሁኑ ባለቤትነት ልዩነቱ፣ እንደ ጥንቱ የአስቦና የጌራ ዘር መሆንን የማይጠይቅ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ አውሬዎቹ እንመለስ፤ ልጆች የሚወዱት ይህን ነውና። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል እየወጡ ሜዳውን ይሞሉታል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፤ ኑሮው ግን እንደ በግ ሣር እየነጨ ነው። በመንጋው መሀል ደግሞ አንድ ቀይ ቀበሮ አየን። ቀይ ቀበሮ የሚገኘውም በእኛ አገር ብቻ ሲሆን፣ በጠቅላላው የቀረው ጎልማሳ ከ500 አይበልጥም። «አሁን ይበላቸዋል!» ብለን ስንጠብቅ ምንም የለም። ቀበሮው ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በመካከላቸው ይሄዳል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም።

ምክንያቱን መንገድ መሪያችን በራሱ አነጋገር ነገረን፤ ኋላም ሳይንቲስቶች ጽፈውት አነበብን። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የጓሳ ጥናት መሠረት ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት ከመቶ 25 ጊዜ ነው፤ በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ ሲያድን ግን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል። መንጋው ሲግጥ አይጡ ሳይረበሽ ወይም ቀበሮውን ሳያይ አይቀርም። ቀበሮው ይህን ጥቅም ለማግኘት የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ የጭላዳ ግልገል በአፉ ሥር ቢያልፍ እንኳ አይነካም። በጥናቱ ጊዜ አንድ ቀበሮ ግልገል ነጥቆ ነበር። ጭላዳዎቹ ተነሥተው ግልገሉን አስጣሉት፤ ያንንም ቀበሮ አባረው ተመልሶ እንዳይገባ ከለከሉት።

ይህን ነገር ክፍል ውስጥ ስንናገር ልጆቹ ሁልጊዜ ስለ ቀበሮው ይስቃሉ። እኛ ግን እዚህ ከተሰደድን ወዲህ ደጋግመን አስበንበታል። እንግዳ በሰው መንጋ መሀል የሚኖረው የቤቱን ሕግ አክብሮ ነው። ይህ የሚያዋርድ ነገር አይደለም፤ የሚያኖር ነገር ነው።

የምንኖርባት ከተማም ይህን ታሪክ በሌላ በኩል ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ ሕዝቧ ድንበር ተሻግሮ ወደ አገራችን ሸሸ። መሀል ከተማ ላይ የቆመው የጦር አውሮፕላን ሐውልት የዚያ መታሰቢያ ነው። ከጅግጅጋ ወዲያ ሐርተሼክ ላይ የተቋቋመው ካምፕ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞ በዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ እስከ መባል ደርሶ ነበር፤ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በገበያ ቀርበን ካጫወትናቸው ጎረቤቶቻችን ውስጥ እዚያ የተወለዱ አሉ። ያን ያህል ሕዝብ ለማብሰያ እንጨት ሲለቅም የሐርተሼክ አካባቢ ዛፍ ተመናመነ። ጥፋቱን በማንም ላይ አንጭንም፤ የራበው ልጅ ያለው ሰው እንጨት ይለቅማል። ነገር ግን ሰዉ ከአገሬው ጋር ቁጭ ብሎ «ይህን ያህል እንውሰድ፣ ይህን ያህል ይቅር» የሚባባልበት ሥርዓት ከሌለ፣ መጨረሻው ለባለ አገሩም ለእንግዳውም ባዶ መሬት ነው።

ዛሬ ደግሞ ተራው የእኛ ነው። ከሐርጌሳ በስተምሥራቅ፣ በጎሊስ ተራሮች ላይ «ጋዓን ሊባሕ» የሚባል ቦታ አለ፤ «የአንበሳ እጅ» ማለት ነው። በአገራችን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምናውቀው ጽድ እዚያም ይበቅላል። በእንግሊዞች ዘመንም የተከለለ ደን ነበር። የእንዲህ ያለው ደንና የግራሩ ትልቅ ጠላት የከተማው ከሰል ነው። ያን ከሰል የምንገዛው ደግሞ እኛም ጭምር ነን፤ ቡናችንም ወጣችንም በእሱ ይፈላል። ከሰል አትግዙ ለማለት አቅሙም ድፍረቱም የለንም። ግን አንድ ምድጃ ላይ ሁለት ቤት ተራ በተራ ቢያበስል፣ በትንሽ ከሰል ብዙ የሚያበስለውን የሸክላ ምድጃ ብንጠቀም፣ በግቢያችን ያለውን ችግኝ ልጆቹ በእጅ መታጠቢያው ውኃ ቢያጠጡት፣ ይህም የራሱ ትንሽ ቀሮ ነው።

ወደ ጓሳ መሄድ ዛሬ እንደዚያ ጊዜ አውቶቡስ ላይ መውጣት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ለመንገደኛም ለገበሬም መከራ ሆኗል። እንግዳ ካልመጣ ሎጅ ገቢ የለውም፤ ገበሬው በጭንቅ ላይ ሲሆን ደግሞ ሕግ ማክበር እንደሚከብደው የታወቀ ነው። ያም ሆኖ ጓሳ ሦስት መቶ ዓመት የቆየው ዘመኑ ሁሉ ደግ ስለነበረ አይደለም። ክዳኑ እያፈሰሰበት «ገና አልተከፈተም» የሚል ሰው ስለነበረው ነው።

እናንተም በየትውልድ መንደራችሁ እንዲህ በጋራ የሚጠበቅ ሣር፣ ደን፣ ምንጭ ወይም የጥላ ዛፍ ታውቁ ይሆናል። ስሙንና ሕጉን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ጊዜ ካላችሁም በአንድ ገጽ ጻፉና ለትምህርት ቤቱ አምጡልን፤ ከልጆቹ ጋር እናነበዋለን።