ተራም አማና ነው

ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረ ሰው ከሌሊት ጀምሮ እህል ሳይቀምስ እንደሚያድር ታውቃላችሁ። ጾመኛ ቢያንስ መግሪብ መቼ እንደሚገባ ያውቃል። ተራ ጠባቂው በሽተኛ ግን ስሙ መቼ እንደሚጠራ አያውቅም። አንዳንዴም ሳይጠራ ይመሽና «ሌላ ቀን ይመለሱ» ይባላል። አክስቴ ሁለት ጊዜ እንዲህ ተመልሳ በሦስተኛው ነው የታከመችው። ሐኪሞቹ አልለገሙም፤ ቀኑ አለቀባቸው እንጂ።

ለመሆኑ ቀን እንዴት ያልቃል? በምሳሌ እንየው። ሆስፒታሉ 3 የቀዶ ሕክምና ክፍሎች አሉት እንበል። ለዕለቱ 7 ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ የሁለቱ ሕክምና 5 ሰዓት፣ የሁለቱ 4 ሰዓት፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ 3 ሰዓት ይፈጃል። የተለመደው ብልሃት ረጅሙን አስቀድሞ፣ ቀጣዩን ቀድሞ ወደሚለቀቀው ክፍል ማስገባት ነው። እንዲህ ሲደረግ ሁለቱ ክፍሎች የ8 ሰዓት ሥራ ሲደርሳቸው፣ አንዱ 11 ሰዓት ይሸከማል። ነገር ግን በሁለቱ ክፍሎች ባለ 5 እና ባለ 4 ሰዓቱ ተጣምረው፣ ሦስቱ ባለ 3 ሰዓቶች በአንድ ክፍል ቢገቡ፣ ሁሉም በ9 ሰዓት ውስጥ ያበቃል። ሠራተኛው የሚቆየው 9 ሰዓት ከሆነ፣ በፊተኛው ድልድል አንድ ሰው ሳይታከም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በኋለኛው ግን ማንም አይመለስም። ክፍልም ሐኪምም አልተጨመረም።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሮናልድ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት፣ ረጅሙን የማስቀደም ብልሃት ሥራው ለሦስት ሲከፈል ከምርጡ ድልድል ቢበዛ እስከ 11/9 እጥፍ ሊረዝም እንደሚችል አሳይቷል። ምሳሌያችን ይኸው የመጨረሻው ወሰን ነው።

ሰባቱን ሰው በእጅ ማደላደል ይቻላል። በአንድ ክፍል 10 ሕሙማንን በተራ ለመደርደር ግን 3,628,800 መንገዶች አሉ። በዚያ ላይ የማደንዘዣ ባለሙያው፣ የመሣሪያው ንጽሕና፣ የማገገሚያው አልጋ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1960 አይልሳ ላንድና አሊሰን ዶይግ የተባሉ ሁለት ሴቶች፣ የማይጠቅሙትን አማራጮች አንድ በአንድ ሳይሞክሩ በጅምላ የሚጥል የስሌት ስልት አሳተሙ። ዛሬ ኮምፒዩተሮች የሕክምና ክፍሎችን ፕሮግራም ሲያወጡ የሚጠቀሙበት አልጎሪዝም ብዙ ጊዜ የዚሁ ዘር ነው።

ሆኖም ስሌቱ የሚፈልገው የታዘዘውን ብቻ ነው። «ክፍሉ ሥራ አይፍታ» ብቻ ከተባለ፣ አጭሩና ጊዜው የታወቀው ሕክምና ሁልጊዜ ይገባል፤ ከባዱ በሽተኛ ከሳምንት ሳምንት ይገፋል። በድንገት ለምትመጣ ወላድም ቦታ አይተርፍም። «አንድ ጊዜ የተመለሰ ይቅደም»፣ «ለድንገተኛ ትርፍ ሰዓት ይቀመጥ» የሚሉትን መስመሮች የሚጽፈው ሰው ነው።

ስለዚህ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ዘዴ ሲያስገባ «ስንት ሰው ታከመ?» ብለን ደስ መሰኘታችን ተገቢ ነው። «ማን ተመለሰ? ስንተኛ ጊዜውስ ነው?» ብለን መጠየቁን ግን አንርሳ።