የአባት ፒፓ ለማን ይቀራል?

የሟች ንብረት ሲከፋፈል ቤተሰብን የሚያጣላው ቤትና ገንዘብ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ዳሩ ግን ማንም የማይፈልገው፣ ማንም ደግሞ ሊጥለው የማይደፍረው ዕቃም አለ። ልብሱ ለነዳያን ይሰጣል፤ ሰዓቱን አንዱ ልጅ ይወስዳል። የጥርስ ምልክት ያለበት፣ ገና ከሩቁ የሚሸት የትንባሆ ፒፓስ ምን ይደረጋል?

አባቴ ካረፉ በኋላ ከመሳቢያቸው ውስጥ ሦስት ፒፓዎች ተገኙ። ሁለቱን ከምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ገዝተው በገዛ እጃቸው ያሳደሱአቸው ነበሩ። እናቴ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያስላቸው ያደረ ነገር ነው፤ ከቤቴ አውጡልኝ» አሉ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ፣ «የአባባን እጅ የማስታውሰው በዚህ ነው፤ አይጣልም» ሲል ተከራከረ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የ16 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ አንዱን አንሥቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ማየቴ ነው። ስለዚህ፣ «መጀመሪያ ይጽዳ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» ብዬ ሦስቱንም ወሰድሁ።

ፒፓ ሦስት ክፍል አለው። ትንባሆ የሚሞላበት ራስ፣ ከራሱ የሚወጣው አንገት፣ በአፍ የሚያዘው ጥቁር መምጠጫ። ደህና ፒፓ የሚሠራበት እንጨት በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል ቁጥቋጦ፣ በሥሩና በግንዱ መካከል ከሚወጣው እባጭ የሚገኝ ነው። እባጩ ለብዙ ሰዓት በውሃ ተቀቅሎ ለወራት ከደረቀ በኋላ ይቀረጻል። እሳትም በቀላሉ አይበላውም። በፈረንሳይ አገር የምትገኘው የሳን ክሎድ ከተማ በዚህ ሙያ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ትታወቃለች። የሚያስደንቀው ደግሞ ይኸው ተክል በእኛም አገር መኖሩ ነው። በሰሜን ተራሮችና በባሌ፣ ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ የሚበቅለው አስታ የምንለው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ በቤታችሁ ካለ አጸዳዱ የሚከተለው ነው። በቅድሚያ መስኮት ክፈቱ፤ የእጅ ጓንት አጥልቁ። በፒፓ ውስጥ የተጠራቀመው ዝቃጭ ኒኮቲን ያለበት መርዝ ስለሆነ ሕፃናት አይቅረቡት። መምጠጫው ከአንገቱ የሚወጣው ቀስ ተብሎ እየተጠመዘዘ ነው፤ በኃይል ከተሳበ ይሰበራል። ፒፓውን በሳሙና ውሃ መዘፍዘፍ ፈጽሞ አይገባም፤ እንጨቱ ያብጥና ይሰነጠቃል።

በራሱ ውስጥ የተጋገረውን ጥቀርሻ ጫፉ ባልሾለ ሴንጢ በዝግታ ፋቁት። ከዚያ ራሱን በጥጥ ሙሉትና የፋርማሲ አልኮል አንጠባጥቡበት፤ እንዲሁ ይደር። በማግስቱ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መደጋገም ነው። የአንገቱ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ላይ በተጠመጠመ ጥጥ ይጸዳል። አልኮሉ የውጪውን ቀለም ስለሚያለቅቅ አይፍሰስበት፤ የከሰል ምድጃም አጠገብ አይሁን። ለማቀጣጠያ የሚሸጠው የተመረዘ አልኮል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መምጠጫው ብዙ ጊዜ ከድኝ ጋር ተቀቅሎ ከጠነከረ ጎማ፣ ከኤቦናይት የሚሠራ ነው። ብርሃንና አየር ሲያገኘው አረንጓዴ መሰል ቡናማ ይሆናል። ይህም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ፣ በ600 ከዚያም በ1000 ቁጥር፣ ውሃ እያስነኩ በመፈተግ ይለቃል። በመጨረሻ ለብ ያለ ንጹሕ ሰም ቀብቶ በሱፍ ጨርቅ ማሸት ብቻ ይቀራል።

እኔ ሥራውን ለመጨረስ አራት ሌሊት ፈጀብኝ። ከሦስቱ አንዱ ራሱ ከውስጥ ተቃጥሎ ስለተበሳ ተጣለ። ከቀሩት ባንዱ አንገት ላይ እድፉ ሲለቅ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ አገኘሁ። አባቴ ስንጥቁን ያሰሩት በዚያ ነበር፤ አጠማጠሙ እንደ ስፌት የተስተካከለ ነው። እናቴ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት አዩትና፣ «የሬዲዮዬንም ሽቦ እንዲሁ ነበር የሚያስሩት» አሉ።

ቡናማ የሆነውን ጥጥ ግን አልጣልሁትም ነበር። በነጭ ሳሕን ላይ ደርድሬ ለወንድሜ ልጅ አሳየሁት። «ይህ እንጨቱ ያስቀረው ነው፤ አልፎ የሄደውን አያትህ ሳንባ ውስጥ ገምተው» አልሁት። ልጁ ሳሕኑን አሸተተና ፊቱን አዞረ። ተቆጥተነው ቢሆን ኖሮ ተደብቆ መሞከሩ አይቀርም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ትንባሆ መሸጥን ከልክሏል፤ ቤት ውስጥ በመሳቢያ የተቀመጠውን ግን ሕግ አይደርስበትም። እርሱን መጠበቅ የወላጅ ድርሻ ነው።

በዚሁ ተስማማን። ሽቦ የታሰረበት በእናቴ ቡፌ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሌላውን ወንድሜ ወስዶታል። ማንም እንዳያጨስባቸው ሁለቱም ራሳቸው በሰም ተደፍኗል።

እናንተም ውድ አንባቢያት፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ከእጃችሁ ቢገባ ለመጣልም ለመሸጥም አትቸኩሉ። አንዳንድ ጎረቤት፣ «እንዲያው ከተቀመጠ ለእኔ ይሁን» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ሊያጨስበት ከሆነ አትስጡት። አጽዱት፤ ለልጆቻችሁም ሁለቱንም ንገሩ፤ የአባታችሁን የእጅ ሙያም ያሳላቸውንም። አንዱን ብቻ የሰማ ልጅ አያቱን በግማሽ ነው የሚያውቃቸው።