ሎድ ያልነበረበት ቀን

ለፍልስጤም ሕዝብ መጀመሪያ የተሰለፍኩት በግድ ነው። ዘመኑ የደርግ፣ ቦታው አዲስ አበባ። የቀበሌያችን ሰው የስም ዝርዝር ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ አብዮት አደባባይ ሳይደርስ የቀረ በማግስቱ ስኳርና ዘይት ሊወስድ ሲመጣ ስሙ ይታያል። ከፊት ያለው ሰውዬ «ኢምፔሪያሊዝም!» ሲል «ይውደም!»፣ «ጽዮናዊነት!» ሲል «ይውደም!»፣ የፍልስጤምና የደቡብ አፍሪካ ጭቁን ሕዝቦች ትግል ሲል ደግሞ ግራ እጃችንን አውጥተን «ያሸንፋል!» እንላለን። ጋዛ በየት በኩል እንደሆነች የሚያውቅ ከመካከላችን ነበር ብዬ አላምንም። የሁላችንም ጭንቀት ስማችን መመዝገቡ ነበር።

ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት ንጉሡ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አቋርጠውት ነበር፤ ደርግም እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ በይፋ አላደሰውም። በ1970 ዓ.ም. ግን የእስራኤሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን አገራቸው ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ እንደምትሸጥ በአደባባይ ተናገሩ። ለካ እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን «ይውደም» ስንል በጓሮ በር ሳጥን ይገባ ኖሯል! ይህን የሰማሁት ብዙ ቆይቼ፣ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ኑሮዬን የመሠረትኩት ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የበርበሬ ሽታ የሚቀበልህ ከተማ ነው፤ የእኛም የኤርትራውያንም ምግብ ቤቶች እዚያ ናቸው። ሥራዬ ከወደቡ ኮንቴይነር እያወጣሁ ወደ መጋዘን ማመላለስ ነው። ክፍያው በሎድ ነው፣ በሰዓት አይደለም። ኮንቴይነሩ ካልወጣ ገቢ የለም፤ ናፍጣው፣ ኢንሹራንሱና የመኪናው ወርሃዊ ዕዳ ግን አሉ። እኛ የከባድ መኪና ሹፌሮች «የራሳችን አለቆች» ስለምንባል የሠራተኛ ማኅበር የለንም። አለቃ የመሆን ጣጣው ይኸው ነው።

የመርከቡ ጫኝና አውራጆች ግን ማኅበር አላቸው፣ ያውም የጠነከረ። እ.ኤ.አ. በ1934 የምዕራቡ ጠረፍ ወደቦች ሥራ ማቆም አድማ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሁለት ሰዎች በፖሊስ ጥይት ወድቀውበት የቆመ ማኅበር ነው። የአካባቢያችን ቅርንጫፍ «ሎካል 10» ይባላል፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌ፣ ተራ ስጠብቅ መስኮቴ ላይ ተደግፈው እ.ኤ.አ. የ1984ቱን ነገር አጫወቱኝ።

ኔድሎይድ ኪምበርሊ የምትባል መርከብ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጭነት ይዛ ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። ሠራተኞቹ ሌላውን ሁሉ አራግፈው የደቡብ አፍሪካውን ብቻ አንነካም አሉ። አሥራ አንድ ቀን! በሩ ላይ በየቀኑ የሰፈር ሰው ይሰለፍ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች። በመጨረሻ ፍርድ ቤት በትእዛዝ አስገደዳቸው። እንደ ተሸነፉ ሊቆጠር ይችላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1990 ግን ማንዴላ ኦክላንድ ስታዲየም ቆመው ያንን ቅርንጫፍ በስም ጠርተው አመሰገኑ።

«ታዲያ ያኔ ደመወዝ ይከፈላችሁ ነበር?» አልኳቸው፤ የሎድ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል? ሽማግሌው ሳቁ እንጂ አልመለሱልኝም።

የፍልስጤም ጉዳይ ወደዚህ ወደብ የመጣው በዚያው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የደርባን ወደብ ሠራተኞች፣ ያኔ እዚህ የታገዙት ደቡብ አፍሪካውያን፣ የእስራኤል ጭነት አናራግፍም አሉ። በግንቦት 2010 ወደ ጋዛ እርዳታ ይዛ ስትጓዝ በነበረችው ማቪ ማርማራ መርከብ ላይ የእስራኤል ኮማንዶዎች ሰው ሲገድሉ የፍልስጤም የሠራተኛ ማኅበራት በመላው ዓለም ላሉ የወደብ ሠራተኞች ጥሪ አቀረቡ። በሰኔ፣ በአንድ እሑድ ገና ሳይነጋ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኦክላንድ ወደብ በር ላይ ክብ ሠርተው መዞር ጀመሩ፤ ዚም የተባለው የእስራኤል ኩባንያ መርከብም ለአንድ ቀን ያህል ሳይራገፍ ዋለ።

አሠራሩን ሳውቅ ነው የተገረምኩት። የአሜሪካ ሕግ ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር ባልተያያዘ ጉዳይ አድማ እንዲመታ አይፈቅድም። ነገር ግን በሩ ላይ የሰው ሰልፍ ካለ፣ ሠራተኛው «አልፌ ብገባ ለደኅንነቴ እሰጋለሁ» ማለት ይችላል። ያኔ የግልግል ዳኛ ተጠርቶ ይመጣል፤ ሰልፉን ያያል፤ ያሰጋል ወይስ አያሰጋም ብሎ ይወስናል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሠራተኛው ፈረቃውን ከመጀመሩ በፊት መድረስ አለበት። ሃያ ሰው ከሆነ ዳኛው «ሂዱ ግቡ» ሊል ይችላል፤ አምስት መቶ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። መርከቧን የሚያቆማት መፈክሩ አይደለም፤ ከአልጋው በጊዜ የተነሣው ሰው ብዛት ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014፣ ጋዛ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ባለቀበት ጦርነት ወቅት፣ ሺዎች ከዌስት ኦክላንድ ባቡር ጣቢያ ተነሥተው ወደ ወደቡ ተመሙ። የዚም መርከብ መጀመሪያ ባሕር ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ወደቡ ከገባችም በኋላ ሠራተኛው ሰልፉን አልፎ አልገባም። አራት ቀን ያህል ተጉላላች።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ማለዳ እኛ ሹፌሮች ተሰልፈን ሞተር አጥፍተን ቆመናል። አንዲት ሴት መስኮት መስኮቱን እያንኳኳች ወረቀት ታድላለች፤ ትሕትናዋ ያሳፍራል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ በጀርባው ስፓኒሽ። በአማርኛና በትግርኛ ለመጻፍ ያሰበ አልነበረም፤ የቴሌግራፍን ክትፎ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ከእኛ ሰዎች አንዱ «ምን አገባን?» አለ። በ77ቱ ድርቅ «ምን አገባን?» ያላሉ ሰዎች ያዋጡትን ስንዴ በልቶ ያደገ ሰው ነው። ሌላው እናቱ ኢየሩሳሌም ተሳልመው የመጡ ናቸው፤ «አገሩ የተቀደሰ ነው፣ አፋችሁን ሰብስቡ» አለ። ሦስተኛው፣ ከሁላችን የሚያንሰው፣ የጎንደር ልጅ ነው። አክስቱ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከአሥራ አራት ሺህ ከሚበልጡት ቤተ እስራኤላውያን ጋር ሄደዋል።

«ጋሼ፣ የአክስቴ ልጅ አሁን እዚያ ወታደር ነው» አለኝ። «እኔ በየት በኩል ልቁም?»

መልስ አልነበረኝም። የዚያን ቀን ሎድ አልነበረም። ልጁ ግን ከመኪናው ወርዶ ለተሰለፉት ሰዎች ውኃ አቀበለ፤ ለምን እንዳደረገው አልጠየቅሁትም።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ቮላንስ የተባለች የዚም መርከብ መጣች፤ ሠራተኛው ሰልፉን አልፎ ስላልገባ ሳትራገፍ ተመልሳ ሄደች። አዘጋጆቹ ከ2014 በኋላ ኩባንያው ለዓመታት ኦክላንድ ዝር አላለም ነበር ይላሉ። በዓመቱ፣ በሐምሌ 2022፣ እኛ ሹፌሮች የራሳችንን ጉዳይ ይዘን በሩን ለቀናት ዘጋነው፤ የገለልተኛ ሹፌርነትን ደንብ የሚለውጥ ሕግ ነበር። ከነባሮቹ የፍልስጤም ባንዲራ ያዦች እኔ ያየሁት የለም። ሕጉ ይጠቅማችኋል የሚል አሳብ ስለነበራቸው ይሆናል፤ ምናልባትም ልክ ናቸው። ቢሆንም መጥቶ መስኮት ያንኳኳ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 በኋላ ነገሩ ሁሉ ሰፋ። በኅዳር መጀመሪያ ኬፕ ኦርላንዶ የምትባል የጦር አቅርቦት መርከብ እንዳትነሣ ወጣቶች መሰላሏ ላይ ወጥተው ለሰዓታት አዘገዩአት፤ ድፍረታቸውን አደንቃለሁ። በዚያው ወር የኦክላንድ ከተማ ምክር ቤት ብዙ ሰዓት ከፈጀ የሕዝብ አስተያየት በኋላ ተኩስ ይቁም የሚል ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አሳለፈ። የፍልስጤሞችን ሻርፕ፣ ከፊያ፣ ያልጠመጠመ የቡና ቤት አስተናጋጅ ማግኘት ከባድ ሆነ። የእኔው የእኅት ልጅ ሳትቀር ላፕቶፕዋ ላይ የፍልስጤም ምልክት የሆነውን ሐብሐብ ለጥፋ መጥታ ስለ ፍልስጤም አስተማረችኝ። አዳመጥኳት፤ ጥሩ ታስረዳለች። ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት ግን ከእንቅልፏ አትነሣም።

ከ2023 ወዲህ ሰልፍ የወጣው ሰው ያኔ ከነበረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሰልፉ ግን እኩለ ቀን ላይ፣ መሐል ከተማ፣ ፎቶ በሚያምርበት ቦታ ሆኗል። አንዳንዱ ስልኩን ወደ ራሱ አዙሮ መፈክር ያሰማል። እኔ በዘመኔ የስም ዝርዝር የሚይዝ የቀበሌ ሰው አይቻለሁ፤ አሁን ሰው መገኘቱን በገዛ እጁ ይመዘግባል።

በቅርቡ ተራ ስጠብቅ አንዲት ወጣት መስኮቴን አንኳኳች። በስልክ የሚነበብ ባለ ነጠብጣብ ካርድ ሰጠችኝና «እዚህ ላይ ይፈርሙልን» አለች።

«እፈርማለሁ» አልኳት። «የጫኝና አውራጆቹ የቀን ፈረቃ በስንት ሰዓት ይጀምራል?»

አላወቀችም። ፈረቃ የሚባል ነገር መኖሩንም የሰማችው ያን ቀን ይመስለኛል። ሰዓቱን ነገርኳት፤ ከዚያ ቀድማችሁ ካልደረሳችሁ ዳኛውም የሚያየው ሰው አይኖርም አልኳት። አልተቀየመችም፤ ካርዱን መልሳ ኪሷ ከተተችና ስልኳ ላይ መጻፍ ጀመረች። ከፊቴ ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላዬ ያለው ጡሩምባ ነፋ።

«በየትኛው በር?» አለችኝ።

ከኋላዬ ያለውን እለፈኝ ብዬ በእጄ አመለከትኩት፤ ሞተሩን አጥፍቼ በሮቹን አንድ በአንድ ነገርኳት።