ጀጎል፦ ከግንቡ ውስጥና ከግንቡ ውጭ

አልሐምዱ ሊላህ፣ ሐረር የደረስነው ለዐስር ሶላት ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ምዕተ ዓመት ባሠሩት የጀጎል ግንብ ውስጥ፣ 48 ሄክታር ገደማ በሆነ ቦታ 82 መስጊዶች አሉ፤ አዛን ሰምቶ ከቤቱ የወጣ ሰው ጀመዓ አያመልጠውም። አንዷን ቀጭን መንገድ «የዕርቅ መንገድ» ይሏታል፤ የተኳረፉ ሰዎች ትከሻ ሳይነካኩ አይተላለፉባትምና። (ልጆቼ ሁለት ጊዜ ተመላለሱባት!)

ከግንቡ ውጭ ግን ከተማው ልክ የለውም፤ የእርሻው መሬት ቤት እየሆነ ነው። ቦታ ሲመራ የውኃው ነገር አብሮ ካልታሰበ ምን እንደሚከተል ሐረር ቀምሳዋለች። ያጠጣት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ለከተማና ለመስኖ ሲሳብ፣ ደለልም ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውኃ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ እንዲመጣ ተደረገ። ለመግሪብ ውዱእ ያስተናገዱን እናት፣ «አብሽሩ፣ ይበቃል» እያሉ ከጄሪካን በጣሳ ለክተው ቀዱልን።