በወላጆቻችን እርምጃ ልክ

ወላጆቻችሁ እናንተ ወዳላችሁበት ሊጠይቋችሁ ሲመጡ ምን ታደርጉላቸዋላችሁ? ብዙዎቻችን መልሱ አይጠፋንም። አልጋችንን ለቀን መሬት እንተኛለን፤ ዶሮ ይታረዳል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወስደን ከፊት እናስቀምጣቸዋለን፤ ከመጋቢውና ከሽማግሌዎቹ ጋር እናስተዋውቃቸዋለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ከእሑድ በኋላ ግን ሰኞና ማክሰኞ ይመጣሉ። እኛ ወደ ሥራችን ወይም ወደ ትምህርታችን እንሄዳለን፤ እነርሱም ደጅ ላይ ተቀምጠው የማያውቁትን መንገደኛ ሲያዩ ይውላሉ።

“ኑ፣ ትንሽ እንንሸራሸር” ማለት በብዙዎቻችን ቤት አልተለመደም። ሽርሽር የሀብታም ወይም የፈረንጅ ነገር ይመስለናል። ወላጆቻችንም ቢሆኑ ያለ ጉዳይ መንገድ መውጣትን አያውቁትም። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ ወይም ጉባኤ ካልጠራቸው በቀር ከቤት አይወጡም። እኔ ግን ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ስለዚህ ነው፤ ከሸመገሉ ወላጆች ጋር ስለሚደረግ አጭርና ዝግ ያለ መንገድ። አባትንና እናትን ማክበር የሚለውን ትእዛዝ ስናጠና ስለ መታዘዝ፣ ስለ መጦር፣ ስለ ገንዘብ እንነጋገራለን። ስለ እርምጃ ፍጥነት ስንነጋገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

የማገለግለው ባንኮ ጎቲቲ ነው። በጌዴኦ ዞን በጌዴብ ወረዳ የሚገኝ ቀበሌ ሲሆን፣ ቡናው በራሱ ስም ተጠርቶ ባሕር ማዶ ድረስ ይሸጣል። ከዲላ ስትነሡ ወናጎንና ይርጋጨፌን አልፋችሁ ትመጣላችሁ። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ወላጆቼ ደግሞ የሚኖሩት አርባ ምንጭ ነው፤ ሙቀት የለመዱ ሰዎች ናቸው። አምና ከገና በኋላ ሁለት ሳምንት ሊቀመጡ መጡ። አባቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ እናቴ በአምስት ዓመት ያንሳሉ።

የእኛ ደጋ ብርዱ የሚጠናው በክረምት ብቻ አይደለም። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀን የሞቀችውን ምድር የሚሸፍናት ደመና ስለማይኖር ሙቀቷ ሌሊቱን ወደ ላይ ወጥቶ ያልቃል። ስለዚህ ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ማለዳው ያንቀጠቅጣል። እናቴ በመጀመሪያው ጠዋት ሁለት ጋቢ ደርበው ምድጃ አጠገብ ተቀመጡና “ልጄ፣ እዚህ አገር ፀሐይ የምትሸጠው ስንት ነው?” ብለው አሳቁን። የመውጫችን ሰዓት በዚያው ተወሰነ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አንወጣም፤ 6 ሰዓት ሳይሞላ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው መንገዳችን ቡና ወደሚደርቅበት ቦታ ነበር። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው። የተለቀመው ቀይ እሸት ቡና ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ አልጋ ላይ በስሱ ተሰጥቶ በየጊዜው ይገላበጣል። ፀሐዩ ሲያይልና ሲመሽ ይሸፈናል፤ ከነልጣጩ የሚደርቀው ቡና ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በአልጋው ግራና ቀኝ ሴቶች ቆመው ያልበሰለውንና የተበላሸውን እየለቀሙ ያወጣሉ። እናቴ ለማየት ብቻ ነበር የሄዱት። ጥቂት ቆይተው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ከሴቶቹ መካከል ገቡ። ቋንቋቸው አይገናኝም። ሆኖም በዚያች ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ በሦስት ቀን ካወሩት በላይ አወሩ። “እኔ እጄ ሲሠራ ነው አፌ የሚፈታው” አሉኝ። ዕድሜያቸውን በሥራ ያሳለፉ ወላጆች እጃቸውን አጣጥፈው “ተዝናኑ” ቢባሉ እንደ ቅጣት ይሆንባቸዋል። የምትወስዷቸው ቦታ እጃቸው የሚያውቀው ነገር ያለበት ቢሆን ይመረጣል።

በሌላ ቀን በጥላው ውስጥ ሄድን። ጌዴኦን ያላየ ሰው ይህን ጥላ ለመገመት ይቸገራል። ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ከእነርሱ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ደግሞ ቡና ይበቅላል። ደን ይመስላል፤ ግን የሰው ጓሮ ነው። ይህ ለትውልድ የተያዘ የእርሻ ጥበብ ከትክል ድንጋዮቹ ጋር “የጌዴኦ ባሕላዊ መልክዓ ምድር” ተብሎ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አባቴ እንሰት ስለሚያውቁ በየደረሱበት እየቆሙ ይመረምሩ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምናልባት አንድ ኪሎ ሜትር ብንሄድ ነው። እኔ ብቻዬን ብሆን በሩብ ሰዓት የምጨርሰው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስዊዘርላንድ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተራራ አገር ነው፤ ክረምቱ በረዶ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1871 ሪጊ በተባለው ተራራ ላይ በጥርስ በተበጀ ሐዲድ እየነከሰ የሚወጣ ባቡር ተከፈተ፤ በ1912 ደግሞ ዩንግፍራውዮህ የተባለው 3,454 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቦታ ድረስ ባቡር ደረሰ። ዛሬ በበረዶ ወራት ለእግረኛ የተደለደሉ መንገዶች አሉ፤ ሮዝ ቀለም ባለው ምልክትም ይታወቃሉ። ጉልበታቸው የደከመ ሰዎች ተራራውን ሳይወጡ ተራራውን ያያሉ። እኛ ይህን ያህል ሀብት የለንም። ባንኮ ጎቲቲ ውስጥ በመንገድ ዳር የሚቀመጡበት ወንበር እንኳ የለም። ነገር ግን አንድ በርጩማ መሸከም አያቅተንም። እኔ በርጩማውን በአንድ እጄ፣ ውኃውን በሌላው ይዤ ከኋላ እከተላቸው ነበር። በሃምሳ እርምጃም ይሁን በመቶ፣ መቀመጥ ሲፈልጉ ወንበሩ እዚያው ነው። ደግሞም ልብ በሉ፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይከፋል። ስለዚህ ስትወጡ አለመድከማቸውን አይታችሁ ብቻ አትፍረዱ፤ መመለሻውን አስቡ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እነርሱ እናንተን ላለማስቸገር ሲሉ አይነግሯችሁም።

የመጨረሻው መንገዳችን ወደ አገራቸው በሚመለሱበት ቀን ነበር። በመንገዳችን ወደ ቱቱ ፈላ ጎራ አልን። በጌዴኦ ዞን ከ60 በሚበልጡ ቦታዎች 10,000 እና ከዚያ በላይ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ይገመታል። ቱቱ ፈላ ከታወቁት አንዱ ነው፤ የሰው ፊት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉበት፤ ስፍራው ጥንት መቃብር እንደነበረም በቁፋሮ ታውቋል። መኪናው ካቆመበት በኋላ ያለችው ዳገት ለእኔ ምንም አልነበረችም። አባቴ ግን ጥቂት ወጥተው ቆሙ። በርጩማው ላይ ተቀመጡና “እኔ እስከዚህ ይበቃኛል” አሉ። እናቴም አጠገባቸው ሣሩ ላይ አረፉ። እኔም ተቀመጥሁ። ሹፌሩ ወጣት ስለነበር በስልኩ ፎቶ ሊያነሣልን ወደ ላይ ሄደ።

አባቴ ከሩቅ የሚታዩትን ድንጋዮች እያዩ “እነማን ናቸው የተከሏቸው?” ብለው ጠየቁኝ። የማውቀውን ነገርኋቸው። በዚሁ ዞን ሳካሮ ሶዶ በተባለው ቦታ የተደረገ ጥናት አንዳንዶቹ ወደ 2,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆናቸው አሳይቷል። የተከሏቸው ሰዎች ስም ግን አይታወቅም፤ በጽሑፍ የተዉት ነገር የለም። አባቴ ዝም አሉ። ከዚያም ያልጠበቅሁትን ነገር ማውራት ጀመሩ።

በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት እንደተዘጉ ታሪክ የተማራችሁ ታውቃላችሁ። የአባቴም አጥቢያ ተዘግታ ነበር። ምእመናን ሌሊት በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። አባቴ ያኔ ወጣት ናቸው፤ አያቴ ደግሞ ዓይናቸው ደክሟል። “መብራት መያዝ አይቻልም” አሉ አባቴ። “እናቴ ትከሻዬን ይይዙና ከኋላ ይከተሉኛል። እኔ ፈርቻለሁ፤ ልቤ ሩጥ ሩጥ ይለኛል። ግን እኔ ከፈጠንሁ እሳቸው ይወድቃሉ። ስለዚህ በእሳቸው እግር እሄድ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ጸሎት አልቀረባቸውም።”

እናቴ ዞር ብለው አዩአቸው። “ከ40 ዓመት በላይ አብረን ስንኖር ይህን ነግረውኝ አያውቁም” አሉ። አባቴም “ማን ጠየቀኝ?” ብለው ሳቁ።

እኔ የተማርሁትን እምነት ከመጽሐፍ፣ ከኮሌጅ፣ ከስብከት ያገኘሁት ይመስለኝ ነበር። በአንዲት ደካማ ሴት እጅና በአንድ ወጣት ትከሻ በጨለማ መጥቶ እንደደረሰኝ የሰማሁት እዚያ ሣር ላይ ተቀምጬ ነው። ዳገቱን ለመጨረስ አባቴን ደግፌ ብወስዳቸው ኖሮ ድንጋዮቹን በቅርብ እናይ ነበር። ድንጋይ ደግሞ ሌላ ጊዜም ይጠብቃል።

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ላይ እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ አሥራ ሁለት ድንጋዮች እንዲያነሡ መታዘዛቸውን አስታውሱ። ድንጋዮቹ ብቻቸውን አይናገሩም። ልጆች የድንጋዮቹን ትርጉም ይጠይቃሉ፤ አባቶች ይመልሳሉ። ጠያቂ ልጅ ከሌለ፣ ወይም መላሽ አባት ካለፈ፣ የሚቀረው ድንጋይ ነው። የእናንተ እናትና አባት፣ አያቶቻችሁም፣ እግዚአብሔር እንዴት እንዳሻገራቸው የሚያውቁት ነገር አለ። ስንቶቻችሁ ጠይቃችኋል?

እዚያው ዮርዳኖስ ዳር ሌላም ሰው አለ፤ ገለዓዳዊው ቤርዜሊ። ታሪኩን በ2ኛ ሳሙኤል 17 እና 19 ታገኙታላችሁ። ዳዊት ከአቤሴሎም በሸሸ ጊዜ ከሌሎች ጋር ሆኖ አልጋና ምግብ ያቀረበለት ይህ ሰው ነው። ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ አብሮት እንዲሄድና በዚያ እንዲጦረው ለመነው። ቤርዜሊ ግን 80 ዓመት ሞልቶት ነበር። የምግብን ጣዕም መለየትና የዘፋኞችን ድምፅ መስማት እንደተሳነው በትሕትና ነገረው። ከንጉሡ ጋር ዮርዳኖስን ተሻግሮ ጥቂት ብቻ ሊሸኘውና በወላጆቹ መቃብር አጠገብ በከተማው ሊሞት ፈለገ። ዳዊት ንጉሥ ነው፤ ማዘዝ ይችል ነበር። ግን አላስገደደውም፤ ስሞና ባርኮ አሰናበተው። ክብር ማለት አንዳንዴ ይህ ነው። እኛ ልናደርግላቸው ያቀድነውን ሳይሆን እነርሱ የሚችሉትን ያህል አብሮ መሄድ፣ “ይበቃኛል” ሲሉም ማመን።

ስለዚህ በዚህ የዕረፍት ጊዜ ወደ ቤት የምትሄዱ፣ ወይም ወላጆቻችሁ የሚመጡላችሁ፣ አንድ ጠዋት ለዩላቸው። ብዙ ቦታ አታቅዱ፤ አንድ ይበቃል። ቅርብ ይሁን። በርጩማና ጋቢ ያዙ። ከፊት አትሂዱ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ተዉት። ስትቀመጡም አንድ ጥያቄ ጠይቁና ዝም በሉ፤ “በእኔ ዕድሜ ሳላችሁ ጌታ ምን አደረገላችሁ?” የሚለው መልካም መጀመሪያ ነው።

ወላጆቻችሁ ያላመኑ ከሆኑ ስብከት አትጀምሩ፤ በርጩማውን ብቻ ያዙላቸው፤ እርሱም ምስክርነት ነው። ወላጆቻችሁን በሞት ያጣችሁ፣ ወይም በመካከላችሁ ያልዳነ ቁስል ያለባችሁ፣ ይህ ንባብ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ የምላችሁ በየአጥቢያችን ልጆቻቸው በዐረብ አገርና በከተማ የቀሩባቸው አረጋውያን አሉ። የወጣቶች ኅብረታችሁ አንድ ቅዳሜ ወስዶ ሁለት ሦስቱን ፀሐይ ላይ ቢያወጣቸው፣ እነርሱ ልጅ ያገኛሉ፣ እናንተም አባትና እናት።

ያዕቆብ ወንድሙን ዔሳውን አግኝቶ አብረው እንዲጓዙ ሲጋበዝ፣ በልጆቹና በሚያጠቡት እንስሳት እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ነገረው። እኛ ልጆች ሳለን እንዲሁ የጠበቁን ሰዎች ነበሩ። አሁን ተራው የእኛ ነው። ጌታ ትዕግሥቱን ይስጣችሁ።