የወደቀው ኮከብ የማን ነው?

የማስተማር ልምምድ በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት ነው። አራተኛ ክፍል፣ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ። ጨረቃን በነጭ፣ ፀሐይን በቢጫ ጠመኔ አሳምረን ሥለን ስንጨርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ አምና በጥቅምት አባቴ የሞተ ለታ ኮከብ ሲወድቅ አይቻለሁ። የሱ ነው አይደል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም ጸጥ አልን። ደግነቱ ተደወለ።

እውነቱን እንናገር፤ ሁላችንም ያደግነው ኮከብ ሲወረወር «የማን ነፍስ ይሆን?» ሲባል እየሰማን ነው። ምን ብለን እንመልስላት? ማታ ቤተ መጻሕፍት ገባን።

ለካስ የጥቅምቱ ኮከብ ኮከብ አይደለም። የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ትቢያ በሰከንድ 66 ኪሎ ሜትር እየበረረች ከመሬት አየር ጋር ስትጋጭ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነዳ ታልቃለች። ትቢያውን የበተነው ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ነው፤ በረዶና አቧራ የተቀላቀለበት፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጓል። በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ፀሐይ አጠገብ ሲደርስ በረዶው ይተንና አቧራው መንገድ ላይ ይቀራል። መሬት በያመቱ በሚያዝያ መጨረሻና በጥቅምት 11 ገደማ በዚያ አቧራ ውስጥ ታልፋለች።

ባለቤቱ ግን ሩቅ ነው! ፀሐይ አጠገብ የደረሰው በየካቲት 1978 ዓ.ም. ነው፤ እኛ አልተወለድንም። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከኔፕቱን ምሕዋር ወዲያ ደርሶ ዞሯል፤ የሚመለሰው በሐምሌ 2053 ዓ.ም. ነው። ያኔ እኛ ለጡረታ ተቃርበናል።

ንባቡ ብቻ አላጠገበንም። ጥቅምት 11 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋቢ ተከናንበን ኳስ ሜዳው ላይ ተጋደምን። ዘበኛው «ልጆቼ፣ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን። ስንነግራቸው እሳቸውም ዱላቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በአንድ ሰዓት 14 ቆጠርን፤ አንዱ ጓደኛችን 16 ነው ብሎ እስካሁን ይከራከረናል።

በነጋታው ክፍል ገባን። «የአባትሽ አይደለም» ብሎ መጀመር ከበደን። ያየነውን ብቻ ነገርናት፤ አቧራውን፣ ጅራታሙን፣ በያመቱ በዚህ ሰሞን እንደሚመጣ።

ትንሽ አሰበችና፣ «የማንም ካልሆነ ዘንድሮም ወድቋላ?» አለች።

«አዎ፣ 14 ቆጠርን።»

«ዛሬ ሌሊትስ?»

«ዛሬም ይኖራል።»

«ለእናቴ እነግራታለሁ፤ ኮከብ ሲወድቅ ካየች ታለቅሳለች» አለችና ሰዓቱን ደብተሯ ላይ ጻፈች።